የድንኳኑ ገመድ የታሰረበት ትራክተር

ዓርብ፣ ግንቦት 1 ቀን 1995፣ ማታ 2 ሰ.

የነገው ጋዜጣ፣ ገጽ 3 ላይ ሁለት ስህተት፣ ገጽ 7 ላይ አንድ። ታርሟል። ዝናብ የለም።

ትራክተሩ ተገዛ። ማለቴ፣ ገንዘቡ ተከፈለ። ካዛንቺስ፣ የዘወትሩ ቡና ቤት፣ የዘወትሩ ጥግ። ንጋቱን የማውቀው በዚያው ጠረጴዛ ነው፤ እኔ የሠራሁትን ጋዜጣ ከእኔ ቀድሞ ያነባል። ድሮ የመንግሥት እርሻ መካኒክ ነበር። እርሻው ሲዘጋ ቀዩን ትራክተር በጨረታ ገዝቶ ቂርቆስ ግቢው ውስጥ አቆመው። አርስበታለሁ እንዳለ ሳያርስበት ቀረ። ዋጋው ለማመን ያስቸግራል። ለሌላ ሰው በዚህ አልሰጥም አለኝ። ለምን ረከሰ ብዬ አልጠየቅኩም። እንጀራዬ መጠየቅ ነው፤ እሱን ግን አልጠየቅኩም።

ገንዘቡ ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የወንድሜ የሽፈራው። ሽፈራው ኢተያ የሚኖር ገበሬ ነው፤ በወጣትነቱ የሰው ትራክተር ነድቷል፣ የራሱ ኖሮት አያውቅም። ሁለቱንም በሬዎቹን ሸጦ ላከልኝ። ክረምት ሳይገባ ትራክተሩ ማሳው ላይ መድረስ አለበት። ካልደረሰ የሚያርስበት የለውም።

ደረሰኝ ልጠይቅ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ንጋቱ የማኪያቶውን ሂሳብ ቀድሞኝ ከፈለ። ከዚያ በኋላ እንዴት ተብሎ? ሰኞ ውልና ማስረጃ ሄደን ስሙን እናዞራለን።

ባለቤቴ እታገኝ ወረቀቱስ አለች። ሰኞ አልኳት። የሰው ስህተት በቀይ እስክሪብቶ ስታድን ትውላለህ አለችኝ። ሳቅን።

እሑድ፣ ግንቦት 3

ንጋቱ ሞተ። ሌሊት፣ በእንቅልፉ። ልብ ነው ይላሉ። ሰው መጥቶ አረዳኝ።

ባለቤቱ ወ/ሮ አስካለ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። እኔን ሲያዩ ባሰባቸው፤ የጠረጴዛ ጓደኛዎ ጥሎዎት ሄደ አሉኝ። ቀብር 9 ሰ.። የሕይወት ታሪኩን እኔ እንድጽፍ ሆነ። ጋዜጠኛ ተቀምጦ ሌላ ማን ይጽፋል? ወረቀት መጣ። ቤተ ዘመዱ ከበበኝ። ትውልድ፣ ትምህርት፣ ሥራ፣ ልጆች፤ ወ/ሮ አስካለ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። መጨረሻ ላይ፦

«ትራክተሩንም ይጻፉለት፣ ጋሽ ደምሴ። ለልጆቼ ብሎ ያቆየው ነው። ንጋቱ እንደሆነ ከእኔ የሚደብቀው አልነበረውም።»

እስክሪብቶዬ ቆመ። ቤቱ ሙሉ ሰው ያየኛል። ጻፍኩ።

ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተነበበ፣ በወፍራም ድምፅ። «ጥረው ግረው ያፈሩትን ትራክተር ለልጆቻቸው ያቆዩ ታታሪ አባት ነበሩ።» ለቅሶው ከዚያ ላይ ጨመረ። ዓረፍተ ነገሩ የእኔ ነው። አራት ነጥቡም በቦታው አለ።

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ውልና ማስረጃ የምንሄድበት ቀን። ለቅሶ ቤት ሄድኩ።

የእድሩ ድንኳን ግቢውን ሞልቶታል። ችካል የሚተከልበት ቦታ ስለጠፋ አንደኛው ገመድ ትራክተሩ ጎማ ላይ ታስሯል። ካርታ ከሚጫወቱት ጎን ተቀምጬ ቋጠሮውን ሳይ ዋልኩ። ብላ ሲሉኝ በላሁ።

ከሰዓት ሽፈራው ኢተያ ካለው ቴሌ ደወለ። ሰውየው ሞተ አልኩት። ነፍስ ይማር አለ። ትራክተሩስ ብሎ ጠየቀኝ። «አለ» አልኩት። አልዋሸሁም፤ ትራክተሩ አለ። ነገ እመጣለሁ ብሎ ዘጋው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5፣ ሰልስት

ሽፈራውን ለገሃር ተቀበልኩት። ጀሪካን ሙሉ ናፍጣ ተሸክሟል፤ በመንገድ እንዳይጎድልብኝ አለ። እየሄድን ነገርኩት። ሁሉንም፤ የጻፍኩትንም። ቆመ። ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠ።

«በል፣ ያንተ አፍ ካልተፈታ እኔው እነግራታለሁ።»

እሺ አልኩ። ደብተሬ፣ ለአንተ ምን እደብቃለሁ፤ ቀለለኝ። ጀሪካኑን አጥር ሥር አቁመን ገባን።

ገና ከመቀመጣችን ዝናቡ ወረደ። ጎርፉ ድንኳኑ ሥር ገባ። ሴቶቹ ፍራሽ ያነሳሉ፣ ወንዶቹ አግዳሚ ያነሳሉ። ደረቁ ቦታ ትራክተሩ የቆመበት ከፍታ ብቻ ነው። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልዴ ይህን ብረት የሚነዳ ሰው ጠፋ ወይ አሉ። መንዳቱስ ይሁን፣ ናፍጣ የለውም አለ አንዱ። ሽፈራው አየኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

ተነሣ። ገመዱን ፈታ። ጀሪካኑን አምጥቶ ቀዳ። ሞተሩ በሁለተኛው ተነሣ፤ ጥሩ ድምፅ አለው። ከከፍታው አውርዶ አጥሩ ጥግ አስጠጋው። የነዳው ያንን ያህል ነው። ድንኳኑን አዛወሩት። ገመዱን መልሰው ጎማው ላይ አሰሩት። ሽፈራው ከወረደ በኋላም እጁን ከጎማው አላነሳም።

ወ/ሮ አስካለ ከበረንዳው ሆነው መረቁት። «አንተን የላከህ ንጋቱ ነው፣ ልጄ። ናፍጣ ይዞ ለቅሶ የሚመጣ ሰው የት አለ?» አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱ አለቀሰ። ሽፈራው ጎንበስ ብሎ እግዜር ያጥናዎት አለ።

ለገሃር ሸኘሁት። ባዶውን ጀሪካን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ከአውቶቡሱ መስኮት ወጣ ብሎ፣ «እንዴት ብዬ ልንገራት?» አለኝ። እኔን ነው የሚጠይቀው።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

እታገኝ እንቅልፍ ነሣችኝ። ጋሽ ወልዴ ዘንድ ሄድኩ፣ ሽማግሌ ሆነው ነገሩን እንዲነግሩልኝ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ወረቀት? የለም። ምስክር? እኔና ንጋቱ ብቻ። እንግዲህ ምስክርህ መሬት ገባ አሉ።

ቆይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እንደማልዋሽ ያውቃሉ። ንጋቱ በሞተበት ዋዜማ ቤታቸው መጥቶ ነበር። የተጫነው ዕዳ ነበረበት፤ ያን ዕለት ከፍሎ ዘግቶት፣ ቀለለኝ ብሏቸው ሄደ። በምን እንደከፈለ ዛሬ ገባቸው። ወ/ሮ አስካለ ዕዳ እንደነበረም አያውቁም።

አሁን ሄጄ ባልሽ ደብቆሽ ተበደረ፣ ደብቆሽ ሸጠ ልበላት? አሉ። በአርባው ውስጥ? ሙት ወቃሽ ልሁን? አንተ ከነገርካት አልከለክልህም፤ እኔ ግን ለእኔ ብሎ የነገረኝን ገመና አልከፍትም።

በሩ ላይ ደርሼ ነበር። «ደግሞ አንተው አይደለህ የጻፍከው? ሁላችንም ሰምተናል እኮ። እኔ ራሴ አልቅሻለሁ።»

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

ሽፈራው መ/ቤት ደወለ። ኢተያ ዘንቧል። ጎረቤቶቹ ያርሳሉ። መሬቱን በሬ ላለው ሰው የእኩል ሰጠ፤ ሰውየው ያርሳል፣ ምርቱን ለሁለት ይካፈላሉ። ማሳዬ ዳር ቆሜ የሰው ጅራፍ እሰማለሁ አለ። አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻል ነበር።

ገጽ 5 ላይ ስለ ዘንድሮ የእርሻ ዝግጅት ዜና አለ። አረምኩት። ስህተት የለውም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

የንጋቱ አርባ። ቆርጬ ሄድኩ። ሰው እስኪበተን ጠበቅኩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ወ/ሮ አስካለ ቀደሙኝ።

ትራክተሩን ሊሸጡት ነው። መስከረም ሲጠባ የልጆቹ ትምህርት ቤት አለ፣ ሌላ የሚሸጥ ዕቃ የላቸውም። በጋዜጣዬ ላውጣላቸው? እርስዎ የጻፉት ከሆነ ሰው ያምነዋል አሉ። እሺ አልኩ።

ደብተሬ፣ እሺ አልኩ።

ለእታገኝ ነገርኳት። አልሳቀችም። «ስትሞት የሕይወት ታሪክህን የምጽፈው እኔ ነኝ» አለች። «እሺ አለ፤ ሞተ። በቃ።»

ሐሙስ፣ ሐምሌ 3

ፍርድ ቤቱ የወራሽነቱን ወረቀት ለወ/ሮ አስካለ ሰጥቷል። ማስታወቂያውን ጻፍኩ። ያገለገለ ቀይ ትራክተር። ሞተሩ በሁለተኛው የሚነሣ፤ ሰረዝኩት። ባለቤቱ በሞት ስለተለዩ፤ እሱንም ሰረዝኩ። ባለቤቱማ አልሞተም፤ ኢተያ ነው።

ረቂቁን ይዤ በዝናብ ሄድኩ። ድንኳኑ ከተነሣ ቆይቷል፣ ቁራጭ ገመድ ጎማው ላይ ቀርቷል። አነበቡት። አጥፈው መለሱልኝ። ሐሳባቸውን ለውጠዋል።

«ለማላውቀው ሰው ሰጥቼ የት ይደርሳል? ያ ናፍጣ ይዞ የመጣው ወንድምዎ ይግዛኝ። ገበሬ ነው፣ አያያዙን አይቻለሁ። ለእሱ እቀንስለታለሁ። ንጋቱም ቢኖር ለወዳጅ እንዲህ ነበር የሚያደርገው።»

ዋጋውን ነገሩኝ። ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። እግዜር ይስጥልኝ አልኩ። የሚገርመው፣ ከልቤ ነው።

ዓርብ፣ ሐምሌ 4፣ ማታ

ሽፈራው በቀጠሮ ቴሌ ጠበቀኝ። ነገርኩት። ስልኩ ይቆጥራል።

«ስንት አለች?»

ነገርኩት።

«ከፊተኛው ይረክሳል» አለ። ሳቀ፤ ወይም ሳቅ የሚመስል ነገር። ከዚያ ለበልግ ይደርስ እንደሆነ ጠየቀኝ። ይደርሳል አልኩት። የድርሻውን ስንዴ ሲሸጥ ያግዘኛል፤ እስከዚያ የመ/ቤቱ ብድርና ቁጠባ ያበድረኛል። ማመልከቻው ጸድቋል። ማስታወቂያውን ከገጽ 8 አወጣሁት።

ተወስኗል። ሰኞ 3 ሰ. ውልና ማስረጃ። ጋሽ ወልዴ ይመጣሉ፤ በዚህ ጊዜ ምስክር እሆናለሁ ብለዋል። ዓይኔን ሳያዩ ነው ያሉት። እታገኝም ትመጣለች፤ ደረሰኙን በእጄ ካልተቀበልኩ ብላለች። ገንዘቡ ከፊርማ በኋላ፣ አንዲት ደቂቃ ሳይቀድም። አስምላኛለች።

ብቻ ወ/ሮ አስካለ ልጅ ልከው ነበር። ጽ/ቤቱ ከመሄዳችን በፊት እኔ ቀደም ብዬ፣ ብቻዬን፣ እሳቸው ዘንድ ቁርስ እንድቀምስ፤ ገንዘቡንም እግረ መንገዴን ይዤ እንድመጣ፣ እና እኔ ለልጁ እሺ አልኩት።