ኮትህ ዋሴ ነው

ባጫ፣

ኮትህን ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳትፈልገው። ለብሼው ወደ ቦሌ ሄጃለሁ።

ኤምባሲ የጠየቀኝ ሰውዬ የእህቴን የጥሪ ደብዳቤና የደርሶ መልስ ትኬቴን አገላብጦ፣ "እንደምትመለስ ምን ማረጋገጫ አለህ?" አለኝ። ቤት የለኝ፣ መኪና የለኝ፣ ሚስት የለኝ። የዚያን ቀንም ኮትህን ለብሼ ስለነበር፣ "ይሄ ኮት የጓደኛዬ ነው፤ ቀለበት የሚያስረው እሱን ለብሶ ነው" አልኩት። ሳቀና የሰባት ቀን ቪዛ ሰጠኝ። እዚያ ስደርስም መግቢያው ላይ ያንኑ ቢጠይቁኝ ሌላ ማስረጃ የለኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት አዳማ እገባለሁ። ቀለበትህ እሁድ ነው፤ ኮቱ ይደርሳል።

ላስፈቅድህ ነበር። ተኝተህ ስለነበር አልቀሰቀስኩህም። ብቀሰቅስህ ኖሮ...

ደግሞ አንተም ፓስፖርቴ ላይ የሻይ ብርጭቆ ስታስቀምጥ አላስፈቀድከኝም። ክቡ እስካሁን አልለቀቀም፤ ሰውዬው ማኅተም መስሎት ሁለቴ አየው።

ውሃ ረቡዕ ይመጣል፤ ጀሪካኖቹን ሙላ። ትርፉ ቁልፍ እትዬ ሸዋወርቅ ጋ ነው። ስለ ኮቱ እንዳትነግራቸው፤ ለወደፊት አማትህ፣ ለጂጂ እናት፣ ወሬውን ያደርሱታል።

ከኮቱ ኪስ ያገኘሁትን ቀለበት እንዳይጠፋ ስኳር ጣሳው ውስጥ ቀብሬዋለሁ። እስክመጣ ሻይህን ቀስ ብለህ ጠጣ።

ልዑልሰገድ