በሐረጎ ቁልቁለት ላይ ስለታዘዘልን የናፍጣ መድኃኒት

ለክቡር አቶ ስለሺ
የሐረጎ መስመር ተሽከርካሪዎች ስምሪት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደሴ፣ ፒያሳ
ጥቅምት 2006 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ። በሁለቱም ሰላም ያልኩዎ አንዱ መንገድ ላይ ቢቀር ሌላው እንዲደርስዎ ብዬ ነው። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም የእጅዎ ጣቶች ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ወንበርዎ የማይንቀጠቀጥ ስለሆነ ደህንነታቸውን ብዙም አልጠራጠርም። እኔ ሰይድ አራጋው እባላለሁ። የቧንቧ ውሃ ነዋሪ ነኝ፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ቅጥቅጥ አይሱዙ እየነዳሁ ልጆች ያሳደግኩ ሾፌር ነበርኩ። «ነበርኩ» የምትለዋን ቃል ስለሰጡኝ ከሁሉ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

ደብዳቤውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ የጻፍኩት ቢሮዎ ተመላልሼ ላገኝዎ ስላልቻልኩ ነው። ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነዎት፤ ስብሰባውም ስለ መልካም አስተዳደር ስለሆነ ማቋረጡ ነውር መሰለኝ።

አንደኛው ምስጋናዬ ስለ ሳይንስ ነው። ባለፈው ግንቦት የመስመሩን ሾፌሮች አዳራሽ ሰብስበው፣ ናኖ የሚባል፣ በተራ ማጉያ መነጽር እንኳ የማይታይ የማዕድን ብናኝ ናፍጣ ውስጥ ሲጨመር ነዳጁ ተሟጦ እንደሚቃጠል፣ ሞተሩ ጉልበት እንደሚያገኝ፣ መንቀጥቀጡም እንደሚቀንስ አበሰሩን። ነገሩን በቤተ ሙከራ የፈተነችው ኢንጂነር ጽናት ከአጠገብዎ ተቀምጣ ነበር። ተራዋ ሲደርስ ተነሥታ እንዲህ አለች፦

«ሙከራችን ጥሩ ውጤት አሳይቷል። ግን የሞከርነው በአዲስ ሞተር፣ መኪና ላይ ሳይገጠም፣ እዚያው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው። ብናኙ ናፍጣው ውስጥ እንደተበተነ ካልቆየ ይዘቅጣል፤ ከዘቀጠ ደግሞ የናፍጣ ማጣሪያውን ፊልትሮ ይዘጋል። በአሮጌ መኪና፣ በዚህ ቁልቁለት ላይ ገና አላየነውም። መጀመሪያ ጥቂት መኪኖች ላይ እንሞክር።»

እርስዎ ማይክሮፎኑን ከእጅዋ ተቀብለው፣ «ኢንጂነሯ ያለችው ዝርዝር ጉዳይ ነው፤ ክልሉ ከእኛ የሚጠብቀው ምርጥ ተሞክሮ ነው» አሉ። አዳራሹ አጨበጨበ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ብናኙ የተቀላቀለበትን ናፍጣ ሳይቀዳ ስምሪት የሚያገኝ መኪና አልነበረም።

በደል እንዳይሆንብኝ እውነቱን ልናገር። መጀመሪያ ላይ ለውጥ ነበረው። ሐረጎን ስወጣ የሞተሩ ሳል ቀነሰ፤ መሪው እጄ ላይ ለስለስ አለ። ባልደረባዬ ወንድምአገኘሁ «ሰይዶ፣ መኪናዬ ኮረዳ ሆነችብኝ!» እያለ ይስቅ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ግን ቅልቅሉ በርሜል ውስጥ ተኝቶ ይሰነብት ጀመር፤ የሚያማስለው ሰው አልተመደበም፤ አይቶ የሚመረምረውም አልነበረም። ሞተሩ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ሜዳ ላይ ይነጥቃል። ንዝረቱ ከወለሉ ተነሥቶ በመቀመጫዬ አልፎ ጥርሴ ድረስ ይወጣል። ቤቴ ስገባ ጣቶቼ ደንዝዘው የሸሚዜን ቁልፍ የምትፈታልኝ ባለቤቴ ፋኢዛ ነበረች። «አሁን ይኸ የምትነዳው መኪና ነው ወፍጮ?» ትለኛለች። ስቄ አልፋታለሁ፤ ሌሊት ግን እጄ አላስተኛኝም።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ሕክምናው ነው። በሐምሌው ግምገማ እጄን አውጥቼ፣ «መኪኖቹ ከበፊቱ ብሰው እየተንቀጠቀጡ ነው፤ አደጋ ሳይደርስ ይታይልን» ብዬ ስለምን፣ እርስዎ ሐኪም ሳይሆኑ በሽታዬን ከመድረክ ላይ ሆነው አገኙት። «ንዝረቱ ያለው መኪናው ላይ ሳይሆን አመለካከትህ ላይ ነው» አሉኝ። ኪራይ ሰብሳቢ የሚለውን ስምም በነጻ ጨመሩልኝ። ጽናት ልትናገር ብትነሣ ሰዓት የለም ተባለች። ደጅ ላይ አገኘችኝና፣ «ሰይድ፣ ደጋግሜ ነግሬአቸዋለሁ። እባክህ ፊልትሮህን ቶሎ ቶሎ አስቀይር» አለችኝ። አስቀየርኩ። በማግስቱ እንድቀዳ የታዘዝኩት ግን ያንኑ ጭቃ ነበር።

ሦስተኛውን ምስጋና እንዴት እንደምጽፈው ስለማላውቅ ነገሩን እንደሆነው ልንገርዎ። ነሐሴ ውስጥ፣ የጦሳን ተራራ ጉም በሸፈነው አንድ ጠዋት፣ መኪናዬን ሞልቼ ከደሴ መናኸሪያ ወጣሁ። ጋቢና ከጎኔ የተቀመጡት እማማ መርየም የሚባሉ እናት ነበሩ፤ ኮምቦልቻ ያለች ልጃቸው ወልዳ ሊጠይቋት መሄዳቸው ነው። የገንፎ ዱቄቱን ጉልበታቸው ላይ አቅፈው፣ ወንድ ነው አሉኝ ብለው እየሳቁ ያጫውቱኝ ነበር። ሐረጎ ላይ ቁልቁለቱ ሲጀምር መኪናው ተንዘፈዘፈ።

«ልጄ፣ ምን ሆነ ይኸ መኪና?» አሉኝ።

«አይዞዎት እማማ፣ ሰሞኑን አመሉ ነው» አልኳቸው።

ማርሽ ልቀንስ ፍሪሲዮን በረገጥኩበት ቅጽበት ሞተሩ ጸጥ አለ። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ያን ጸጥታ አያውቁትም። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያንቀጠቅጠን የነበረ መኪና በድንገት ሐር ሆኖ ይንሸራተት ጀመር። መሪው ከበደ፤ ፍሬኑ እግሬ ሥር እንደ ድንጋይ ጠጠረ፤ ማርሹ እምቢ አለ፤ የእጅ ፍሬኑ ጎማ ከማቃጠል በቀር የያዘው ነገር የለም። በአንድ በኩል ገደሉ፣ በአንድ በኩል ተራራው። ከኋላዬ ግማሹ «ያ አላህ!» ግማሹ «እመብርሃን!» ይላል። ቆሜ በሙሉ ክብደቴ መሪው ላይ ተጋደምኩና መኪናውን ወደ ተራራው መልሼ ከድንጋዩ ጋር እያፋተግኩ አቆምኩት።

አልሐምዱሊላህ፣ የሞተ ሰው የለም። የእማማ መርየም ቀኝ ክንድ ግን ተሰበረ። ከተሰባበረው መስታወት መካከል ተቀምጠው፣ ዱቄቱ ላያቸው ላይ ፈስሶ፣ ክንዳቸውን ይዘው እያቃሰቱ «አንተስ ደህና ነህ ልጄ?» ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ከጽሕፈት ቤትዎ ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም።

ከዚያ የጽሕፈት ቤትዎ ሰዎች ጠሩኝ። «በፍጥነት ነዳሁ ብለህ በጉባኤ ፊት ግለ ሂስ አድርግ፤ ስምሪትህ ይመለስልሃል» አሉኝ። ለአንድ ቀን ያህል አስቤበታለሁ፤ ልጆች አሉኝ። ፋኢዛ ግን እጄን ይዛ፣ «ችግሩን አብረን እንችለዋለን፤ ያላደረግከውን አድርጌአለሁ እንዳትል» አለችኝ። ጉባኤው ላይ ቆሜ «ፍጥነቱ የእኔ አልነበረም፤ የቁልቁለቱ ነበር» አልኩ። ያኔ ጽናት ሳትጠራ ወደ ፊት መጣች። ከመኪናዬ የወጣውን ፊልትሮ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጣ በሰው ሁሉ ፊት ቀደደችው፤ ውስጡ እንደ አመድ ጭቃ የለጠፈበት ነበር። «ይህ ብናኝ የእኔ ሥራ ነው» አለች፤ «ጠብቁ ብዬ ለምኜ ነበር።»

እርስዎም ጎንበስ ብለው አዩና «የመንገድ አቧራ ነው» አሉ። በነሐሴ ዝናብ፣ በሐረጎ ጉም ውስጥ አቧራ ያገኘ ሰው በሕይወቴ እርስዎን ብቻ ነው ያየሁት።

የሆነውን አንባቢም ይወቀው። ስምሪቴ ተሰረዘ። ጽናት ከሥራው እንድትነሣ ተደረገ። በርሜሎቹ ደግሞ አንድ ቀን ጠዋት ያለ አንዳች ማስታወቂያ ተጭነው ሄዱ። ቀጥሎም ፒያሳ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ሙከራው በስኬት መጠናቀቁ ተበሥሮ እርስዎ የምስክር ወረቀት ተቀበሉ። እንኳን ደስ ያለዎት። እኔ አሁን ኮምቦልቻ አንድ ጋራዥ ውስጥ የሰው መኪና አጥባለሁ፤ በዚያችው ሐረጎ ተሳፋሪ ሆኜ እወርዳለሁ፣ ተሳፋሪ ሆኜ እወጣለሁ። የእማማ መርየም ክንድ ጠሞ ስለገጠመ የልጅ ልጃቸውን ሌላ ሰው ካላስታቀፋቸው አንሥተው ማቀፍ አይችሉም።

እስከዚህ ድረስ ቁጣዬን በትሕትና ጠቅልዬ አመጣሁት፤ ከዚህ በላይ ግን ጨርቁ አልበቃኝም። ተቆጥቻለሁ፣ አቶ ስለሺ። የተቆጣሁት በሳይንሱ አይደለም፤ በጽናትም አይደለም። አዲስ ነገር ሲሞከር ሊከሽፍ ይችላል። እርስዎ ግን ነገሩን የምታውቀዋን ሴት ዝም አሰኝተው፣ በእኛ ነፍስ ሞክረው፣ ሲከሽፍ ጥፋቱን በእኔ እግር ላይ ጫኑት። ስለዚህ በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ማይክሮፎን ኢንጂነሯ አስጠንቅቃኝ ነበር ብለው እንዲናገሩ፣ ስምሪቴን እንዲመልሱ፣ እማማ መርየምንም ቤታቸው ሄደው እንዴት ነዎት እንዲሏቸው እጠይቃለሁ። ሦስቱም ነዳጅ አይፈጁም።

የክቡርነትዎን ጤና፣ የምስክር ወረቀትዎን ዕድሜ፣ የስብሰባዎችዎንም ፍጻሜ ከልብ የምመኝ፣ ከቧንቧ ውሃ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ፣

ሰይድ አራጋው
ቅጥቅጡን ተራራው ላይ ያቆመው ሾፌር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ ወንድምአገኘሁ አንድ ነገር አጫወተኝ። እኔ ከመጋጨቴ በፊት በነበረው ሳምንት የተከበሩ ባለቤትዎ ወደ ኮምቦልቻ ሊወርዱ እሱ መኪና ውስጥ ገብተው ነበር። «ይኸ መኪና ያን ዱቄት ያለበትን ናፍጣ ነው የሚቀዳው?» ብለው ጠየቁት። አዎ ሲላቸው፣ «ባለቤቴ በዚህ መስመር መኪና እንዳትሄጂ ብሎኛል» ብለው ወርደው ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ሲጠብቁ ዋሉ። እሳቸውን አልወቅሳቸውም፤ አላህ ይጠብቃቸው። እርስዎም ቢያንስ ቤትዎ ውስጥ እውነት እንደሚናገሩ በማወቄ ተጽናንቻለሁ።