የሞጆ ዳገት ላይ የምትከዳኝ ቢሲክሌት

አስኩዬ፣

እንዴት ነሽ አልልሽም፤ መልሱን ከየት አገኘዋለሁ? እኔ አለሁ። ከተለያየን ወዲህ የወባው ወራት አልፎ ጤፉም ታጭዶ ተወቅቷል። አርባሽንም አውጥተናል። ድግሱ ላይ ምን እንደበላሁ ብትጠይቂኝ አላውቅም። ሰው ሁሉ አልቅሶ ሲወጣ እኔ የዳሱን ምሰሶ ስነቅል ነበር። ይሄ ሰውዬ ልቡ ድንጋይ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ይበሉ። መንገድ ላይ ገበሬዎቹ በኦሮምኛ አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ ሲሉኝ ነጋ፣ ሰላም ነው እላለሁ፤ አፌ ይመልሳል፣ እኔ የለሁበትም።

ቢሲክሌቷ መጣች። ሞጆ የፈረንጁ ሙሴ ቆዳ መጋዘን ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ከማድር፣ ማታ ማታ አዳማ እየተመለስኩ ካንቺ ጋር እንዳመሽ ብለን ከጅቡቲ ያዘዝናት። ገብስ ትበላ እንደሆነ ጠይቀሽኝ ሆድሽን ይዘሽ ስትስቂ አይቼሻለሁ። ከኋላ አስቀምጠህ ገበያ ካልወሰድከኝ ቤት አትገባም ብለሽኝም ነበር። ታዲያ ሣልስትሽ እንዳለፈ በባቡር ደረሰች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው። ተቀብዬ እየገፋሁ ቤት አመጣኋት።

እናትሽ ወደ ምንጃር አልተመለሱም። ወንድሞቻቸው ሊወስዷቸው መጥተው ነበር። የልጄን ቤት አልዘጋም፣ ባሏ ማታ ማታ እስከመጣ ድረስ እዚሁ ነኝ ብለው መለሷቸው። እኔ ሞጆ ማደር የጀመርኩ ለት ግን ይወስዷቸዋል፤ አሮጊት ብቻዋን ባዶ ቤት ውስጥ ማን ይተዋል? ያ ከሆነ ቤትሽ ተዘጋ ማለት ነው። እናም ነገሩ ሁሉ በዚች ቢሲክሌት ላይ ወደቀ።

እሷ ደግሞ ከዳችኝ። ሦስት ማርሽ አላት፤ ለዳገት፣ ለሜዳ፣ ለቁልቁለት። ማርሹ ያለው የኋላው ጎማ እምብርት ውስጥ ነው፤ ከመሪው በሽቦ ይሳባል። ጠዋት ወደ ሞጆ ስወጣ የዳገቱን እስባለሁ፤ ትንሽ ትይዝልኛለች፤ ከዚያ ቀጭ ትልና እግሬ ባዶውን ይሽከረከራል። አንድ ቀን ጉልበቴን ከመሪው አላትማኝ ደማሁ። ደሙን ያየሁት መጋዘን ከደረስኩ በኋላ ነው። ቆዳ ይዘው የመጡት ሰዎች ሚዛኑ ሥር ተቀምጠው እንድመዝንላቸው ይጠብቁኛል። ሙሴውም ሁለተኛ ብታረፍድ ወይ እዚሁ እደር፣ ወይ ሌላ ሰው አስገባለሁ አለኝ።

መጀመሪያ ሽቦዋን ጠረጠርኩ። አዲስ ሽቦ እንደ አዲስ ጠፍር ይለጠጣል። የሜዳው ማርሽ ላይ አድርጌ ሽቦው ወደ እምብርቱ የሚገባበትን መጠምጠሚያ ጥቂት በጥቂት አጠበቅሁት። አንድ ቀን አገለገለችኝ፤ በማግሥቱ ያው ናት። ባላላትም ባሰባት። እምብርቱን ፈትቼ ውስጡን እንዳላይ፣ አንዴ ከተበተነ የሚገጥምልኝ ማን አለ?

ቅዳሜ ወደ ማታ ጓሮ ስዞር እናትሽ ቢሲክሌቷ ሥር ተንበርክከው በእምብርቷ ቀዳዳ የኑግ ዘይት ያንቆረቁራሉ። ለካ ከመጣች ጀምሮ ሲያጠጧት ኖረዋል! በአገራቸው መዝጊያ ሲንቋረር፣ ጠፍር ሲደርቅ የሚቀባው ኑግ ነው። እንድትፈጥንልህ ብዬ ነው ልጄ፣ ከመንገድ እንዳታስቀርህ አሉኝ። የኑግ ዘይት ደግሞ ውሎ ሲያድር ሙጫ ይሆናል፤ ብረቱ ተጣብቆ መግባት ያለበት ቦታ አይገባም። ወይ ነዶ! እንዳልቀር ብለው የሚያስቀሩኝ እርሳቸው ናቸው። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

እሑድ እርሳቸው ጎረቤት ለቅሶ ሊደርሱ ሲወጡ ጠብቄ በቀዳዳው ላምባ ጨመርኩ። ጎማውን አሽከርክሬ ገለበጥኳት፤ እንደ ልጋግ የሚጎተት ጥቁር ነገር ወጣ። ንጹሕ ላምባ እስኪወርድ ደጋግሜ አጠብኳትና ከልብስ ሰፊው የስፌት መኪና ዘይት ለምኜ ጠብ ጠብ አደረግሁላት። ሽቦዋንም እንደገና አስተካከልኩ። የተረፈውን ዘይት ለእናትሽ ሰጥቼ፣ ይቺ የምትወደው ይህን ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እርስዎ ያጠጡልኝ አልኳቸው። ጠርሙሱን በነጠላቸው ጠቅልለው አስቀመጡት።

ሰኞ ዳገቱን ወጣሁት። ማርሿ አልከዳኝም። ደስም አላለኝ፤ እግሬ ብቻ ይሠራ ነበር። ሥራዬን ጨርሼ ቁልቁለቱን ስመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ደጃችን ስደርስ አፌ ቀደመኝና፣ አስካለ! ብዬ ተጣራሁ።

ከውስጥ እናትሽ አቤት አሉ።

ሁለታችንም ደንግጠን ባለንበት ቀረን። ከዚያ ወጥተው ከፈቱልኝ፣ የእግር ውኃም አቀረቡልኝ። ማክሰኞ ግን አውቄ ተጣራሁ፤ እርሳቸውም አውቀው አቤት አሉ። ጎረቤት ይሰማል፤ ይስማ።

አስኩዬ፣ ሰው ሙቱን እንዴት እንደሚያስታውስ ገና አልገባኝም፤ ልቤ ከሄደበት አልተመለሰልኝም። ስምሽ ግን በዚህ ደጅ ማታ ማታ ይጠራል። እናትሽ በሕይወት እስካሉ አቤት ይሉልሻል። እርሳቸው ያለፉ ለት እኔው ጠርቼ እኔው አቤት እላለሁ።

ባልሽ ቱፋ