ያልወረደች እጅ

ኅዳር 4፣ ሰኞ

የፍልስፍና ትምህርት ክፍላችን ስብሰባ። ኃላፊው የወጣቷ መምህርት ውል እንዳይታደስ ሐሳብ አቀረበ። እሷ ባለችበት! "ተቃውሞ ያለው?" እኔ የብርጭቆዬን ጠርዝ በጣቴ አሻለሁ። ሥነ ምግባር የሚያስተምረው ባልደረባዬ ጥፍሩን ያያል። "እንግዲያው የዛሬ ሳምንት እናጸድቀዋለን" ተባለና ተበተንን። ፈላስፎች ነን እኮ... ምራቄን መትፋት አማረኝ።

ከሰዓት እማዬ ደወለች። "እህትህን ይዘህልኝ ና። ሥራዋን ጥላ ሜዳ ላይ ከወፈፌ ጋር ድንኳን ውስጥ!" እህቴ ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች። እጇ የተባረከ ነበር። አሁን "የነፃዎች ፌስቲቫል" የሚሉት ነገር ውስጥ ገብታለች። ዓርብ ስለ ነፃነት ፍልስፍና እንድናገርላቸው ጋብዛኛለች። እምቢ ልላት ነበር። ለእማዬ ስል እሄዳለሁ።

ኅዳር 8፣ ዓርብ

ደረስኩ። ከሰው ቀድሞ ሽታው ተቀበለኝ። መግቢያው ላይ በተሰቀለ ሳንቃ ላይ ጽፈዋል፦ "እዚህ አዛዥ የለም። እዚህ 'የእኔ' የሚባል የለም።" ጫማዬን ድንኳን ደጃፍ አውልቄ ገባሁ። ስወጣ የለም! ሌላ ሰውዬ እግር ላይ አየሁት። ፈገግ አለልኝ።

ስምም ይተዋል። መሪያቸው "ነፋስ" ይባላል። መሪ የለንም ይላሉ እንጂ መሪያቸው ነው። እህቴ "ጤዛ" ሆናለች። እናቷ ያወጣችላት ስም ምን ጎደለው? ለእኔ "ጥያቄ" የሚል አወጡልኝ። ጥያቄ!

ተናገርኩ። እንስራ ውስጥ ይኖር ስለነበረው ስለዚያ የጥንት ፈላስፋ... ልጅ በእፍኙ ውሃ ሲጠጣ አይቶ ዋንጫውን ወረወረ። አጨበጨቡልኝ። ደንባቸውንም አሞገስኩ፦ በጉባኤ አንድ እጅ ከተነሳ ነገሩ ይቆማል፤ ሁሉም ካልተስማማ ምንም አይደረግም። "ማንም የማይረገጥበት ሐሳብ ነው" አልኩ። ደግሞ ከልቤ ነበር።

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ

መጸዳጃ ቤት ሄድኩ። ምን ልበል... ዝንቡ፣ ወለሉ፣ ግድግዳው ሳይቀር! አስመለሰኝ። አፌን ጠርጌ ቀና ስል አንዲት ሴት ባልዲ ይዛ ትፈትጋለች። እህቴ።

"አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ?"

"ማንም ማንንም አያዝማ፣ ጋሼ። ፈቃደኛ የሆነ ያጥባል።"

"ማነው ፈቃደኛው?"

ወለሉን መፈተግ ቀጠለች። ከመጣች ጀምሮ ብቻዋን ናት። እጇ ተላልጧል።

"ነገ ይዤሽ እሄዳለሁ።"

"አልሄድም። ሐሳቡን እወደዋለሁ።"

"የቱን ሐሳብ? ይሄንን?" ባልዲውን አሳየኋት። ጀርባዋን ሰጠችኝ።

ከሰዓት ጉባኤ ላይ ተነስቼ "በተራ ይታጠብ" አልኩ። ብዙዎቹ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ነፋስ እጁን አነሳ። "ተራ ማለት ስሙን የቀየረ ትእዛዝ ነው። ጥያቄ ራሱ ትናንት ዋንጫውን ወርውሩ ብሎን የለ?" ሳቅ በሳቅ ሆኑ። በቃ፣ ቆመ። የተነሳው እጅ ንጹሕ ነበር፤ ጥፍሩ እንኳ በወጉ የተሞረደ። የእኔን ንግግር እንደ ማስቲካ ሲያኝከው ማየት... አንገፈገፈኝ።

ለመሆኑ የዚያን ፈላስፋ እንስራ ማን ያጥብለት ነበር? የትም አላነበብኩም።

ኅዳር 10፣ እሑድ

ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር። የመዝጊያው ቀን ነው። ሙዚቃው እንዲጀመር እንኳ ጉባኤው መስማማት አለበት። ነፋስ "ተስማማን?" አለ፤ ለወጉ ያህል።

ከኋላ አንድ እጅ ተነሳ። የእህቴ።

"ምኑን ተቃወምሽ፣ ጤዛ?"

"መጸዳጃው ካልታጠበ በሙዚቃው አልስማማም። እኔ ደግሞ ዛሬ አላጥብም።"

"ይሄማ ማስገደድ ነው!"

"ማንን አዘዝኩ? አልተስማማሁም ነው ያልኩት።"

ጮኹባት። ለመኗት። አንዷ "ፍቅር የለሽም" አለቻት። ከበሮ መቺዎቹ ከበሯቸው ላይ ተቀመጡ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። እጇ ሲዝል በሌላኛው ደገፈችው። ሄጄ ክርኗን ከሥር ያዝኩላት። ልጅ ሆነን እንጂ እንዲህ ተጠግተን ቆመን እናውቃለን?

መጀመሪያ የተነሳው ጫማዬን የወሰደው ሰውዬ ነው። ባልዲ ይዞ ገባ... በጫማዬ! ከዚያ ሌሎቹ። በመጨረሻ ነፋስም፣ አፍንጫውን በሻርፕ ጠቅልሎ።

"በይ አሁን እንሂድ" አልኳት።

"አሁንማ ጭራሽ አልሄድም፣ ጋሼ።"

ብቻዬን ተመለስኩ። በነጠላ ጫማ።

ኅዳር 11፣ ሰኞ

ማለዳ እማዬ ደውላ "ልጄስ?" አለች። "ደህና ናት። እዚያው ትቆያለች" ስላት ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

ስብሰባ። ያው ጠረጴዛ፣ ያው ብርጭቆ። ኃላፊው "የመምህርቷ ጉዳይ... ተቃውሞ ከሌለ አልፏል" አለ። እጄን አነሳሁ።

"አስተያየት አለህ?"

"አልተስማማሁም።"

"እዚህ በአብላጫ ድምፅ ነው። አንድ እጅ የሚያቆመው ነገር የለም።"

"አውቃለሁ።"

ድምፅ ተሰጠ። ሥነ ምግባር አስተማሪው ሳይቀር ከእነሱ ጋር ሆነ፤ ዓይኑን ከጥፍሩ ሳያነሳ። ውሉ አይታደስም። እንዴት እንዳስጠሉኝ... እጄን አላወረድኩም። ኃላፊው ወደ ሌላ አጀንዳ ሄደ። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ክንዴ ሲዝል በሌላኛው እጄ ደገፍኩት።

ስብሰባው አልቆ ሁሉም ወጣ። መምህርቷ ብቻ ቀረች። ወረቀቶቿን ሰብስባ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

"ጋሼ" አለችኝ፣ "አሁን ያውርዱት።"