የእማማ ሃሎ እርማት

ሰፈሩ ሁሉ እማማ ሃሎ እያለ የሚጠራቸው ውድ እህታችን ከአናጺ አባታችንና ከልብስ ሰፊ እናታችን፣ ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። የተወለዱት ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ባለ አንድ መስኮት ቤት ሲሆን፣ ያደጉትም እዚያው፣ የአባታችን መጋዝና የእናታችን የስፌት መኪና እየተፎካከሩ በሚጮኹበት ክፍል ውስጥ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጸጥታ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ጸጥታ ግን በሕይወታቸው ብዙም አልገጠማቸውም፤ ይህም ታሪክ በአብዛኛው የዚያ ታሪክ ነው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአቅራቢያው በሚገኘው ትምህርት ቤት ገብተው የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀቁ። በቋንቋ ትምህርት የሚያክላቸው አልነበረም። ገና በልጅነታቸው የዳቦ ቤቱን ማስታወቂያ ቆመው አንብበው፣ ባለቤቱን “ጋሼ፣ ‘ትኩስ’ የሚለውን አበላሽተውታል” ብለው ነገሯቸው። ባለ ዳቦ ቤቱም ዱቄት እንደለበሱ ወጥተው እስከ መንገዱ ማዶ አባረሯቸው። ከዚያ ቀን በኋላ የቤታችን ዳቦ ከሩቅ ነበር የሚገዛው። እናታችንም ይህን እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲያነሱባቸው ኖረዋል።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በከተማዋ ትልቁ ማተሚያ ቤት በአራሚነት ተቀጠሩ። የአራሚ ሥራ ሊታተም የተዘጋጀውን ጽሑፍ ቃል በቃል አንብቦ ስህተቱን መልቀም ነው። እህታችን ከማሽኖቹ ክፍል አጠገብ፣ ግድግዳው በሚንቀጠቀጥበት ጥግ፣ ቀይ እስክሪብቶ ጨብጠው እስከ ጡረታ ዕድሜያቸው ሠርተዋል። ወደ ቤት ሲመጡ ክርናቸው ላይ ቀለም፣ ጆሮአቸው ውስጥ የማሽን ድምፅ ይዘው ነበር። ሲመሽ የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማንም ሳያናግራቸው አንድ ሰዓት መቀመጥ።

ከባለቤታቸው ጋር የተዋወቁትም በዚያው ማተሚያ ቤት ነው። ያን ጊዜ ወጣት መምህር የነበሩት ባለቤታቸው የመምህራን ማኅበሩን ጽሑፍ ሊያሳትሙ መጥተው፣ ጽሑፉ በስህተት ከመሞላቱ የተነሳ ደጋግመው መመላለስ ግድ ሆነባቸው። ባለቤታቸው እስከ ዛሬ “ሆን ብዬ ነው ያሳሳትኩት” ይላሉ። እህታችን ደግሞ “የት አውቆት!” ነበር የሚሉት። በዚህ ሳይስማሙ ተጋቡ፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅም አፈሩ።

ልጆቹ ሕፃናት ሳሉ ባለቤታቸው ለክልሉ ምክር ቤት ተወካይ ሆነው ተመረጡ። ለነዋሪው ከገቡት ቃል አንዱ የአካባቢውን ዜናና አገልግሎት የሚያሳውቅ ወረቀት በየወሩ በየቤቱ እንዲደርስ ማድረግ ነበር። ውሃ በየትኛው ሰፈር መቼ እንደሚቋረጥ፣ የልደት ምስክር ወረቀት የሚሰጠው ቢሮ ወዴት እንደተዛወረ፣ የቆሻሻ መኪናው በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ነፃ የዓይን ምርመራ የት እንዳለ የሚናገር ወረቀት ነው። ሐሳቡ መልካም ነበር። ማን ይሠራዋል ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። ተወካዩ ራት ከተበላበት ጠረጴዛ ላይ ይጽፋሉ፣ እህታችን ያርማሉ፤ ተወካዩ ንግግር ያስረዝማሉ፣ እህታችን ይሰርዛሉ።

የመጀመሪያው እትም ወደ ማተሚያ ቤቱ ሲላክ፣ እህታችን ባረሙት ቅጂ ግርጌ ላይ የቤታቸውን ስልክ ቁጥር በቀይ ጻፉ። በማግስቱ ዕረፍት ስለነበሩ፣ ጽሑፉን ለኅትመት የሚደረድረው ፊደል ለቃሚ ያልገባው ነገር ካለ እንዲደውልላቸው ብለው ነው። ፊደል ለቃሚው ግን ሁሉም ነገር ገብቶት ነበር። የእህታችን ቀይ ጽሑፍ ደግሞ በዚያ ቤት ትእዛዝ ነው፤ የጻፉት ይገባል፣ የሰረዙት ይወጣል። ስለዚህ ቁጥሩን በደማቅ ፊደል ለቅሞ ከገጹ ግርጌ አስገባው። የስንቱን ስህተት የለቀሙት ሰው የራሳቸውን ያወቁት ወረቀቱ በየደጁ ከታደለ በኋላ ነው። ቁርስ ሊቀርብ ሲል ስልኩ ጮኸ፤ አንዲት የማያውቋት ሴት ከቧንቧዋ ቡናማ ውሃ እየወረደ እንደሆነ ነገረቻቸው።

እህታችን በዚያው ዕለት እርማት እንዲወጣ ጠየቁ። ባለቤታቸውም “በሚቀጥለው እትም” አሉ።

የሚቀጥለው እትም ሲደርስ ግን ነገሩ መልኩን ቀይሮ ነበር። ነዋሪው “የኛ ተወካይ እኮ የቤቱን ስልክ ሰጠን!” እያለ በየሱቁና በየአውቶቡሱ ያወራል። ሌሎቹ ተወካዮች ቀንተዋል። በምርጫ ሰሞንም ከንግግሩም ከፖስተሩም ይልቅ ያቺ ከግርጌ ያለች ቁጥር ድምፅ አመጣች። ተወካዩ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህንንም እዚሁ ፊት ለፊት ተቀምጠው እየሰሙ ነው። ብቻ አንድ ጊዜ የተወደደን ነገር ማንሳት አቃታቸው። “በሚቀጥለው እትም” የምትለዋ ቃል በዚያ ቤት ልጆች አድገው እስኪያገቡ ድረስ ኖረች።

ስልኩ የሚገኘው በኮሪደሩ ውስጥ፣ ከኮት መስቀያው ሥር ነው። ተወካዩ ቀን ቀን ስብሰባ፣ ማታ ማታ ጉብኝት ላይ ናቸው፤ ስለዚህ የሚያነሱት እህታችን ነበሩ። ከኮቶቹ ሥር በርጩማ አስገብተው ተቀመጡ። አነጋገራቸውም ከሥራቸው የመጣ ነበር። ደዋዩ አቤቱታውን ከጨረሰ በኋላ “ልድገምልዎት” ይሉና የተናገረውን ቃል በቃል መልሰው ያነቡለታል። ያልተገባ ነገር የተናገረ ሰው የራሱን ቃል ሲሰማ ራሱ ያርመዋል። አንድ ጊዜ የመንገድ መብራት ጠፍቶበት የነደደው የታክሲ ሹፌር ስድቡን ሲያዥጎደጉደው፣ እህታችን በጨዋ ድምፅ “ይቅርታ ልጄ፣ ‘ሌባ’ ያልከው ‘ደደብ’ ከማለትህ በፊት ነው ወይስ በኋላ?” ብለው ጠየቁት። ሹፌሩ ሳቀ፤ መብራቱ ተጠግኖ ሲበራ ደግሞ ደውሎ አመሰገናቸው። ሹፌሩም ዛሬ ከቀባሪዎቹ መካከል ነው።

እማማ ሃሎ የሚለው ስም የወጣላቸው በዚህ ምክንያት ነው። መጀመሪያ ላይ አልወደዱትም፤ በኋላ ግን ገበያ ውስጥ ሲጠሩበት ዞር ማለት ጀመሩ። ወንድ ልጃቸው አፉን የፈታው “እማ” ብሎ ወይም “አባ” ብሎ ሳይሆን “ሃሎ” ብሎ መሆኑን ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። በሴት ልጃቸው ሠርግ ዕለትም መኪናው ደጅ ቆሞ እየጠበቀ፣ እሳቸው በሙሉ ልብሳቸው ከኮቶቹ ሥር ተቀምጠው ለአንድ ጡረተኛ የአዲሱን ቢሮ አቅጣጫ ያስረዱ ነበር። ሙሽራዋ በሩ ላይ ቆማ “እማዬ፣ እኔም ልደውልልሽ?” አለቻቸው። ሁላችንም ሳቅን። ልጅቱ ግን ያን ዕለት አልሳቀችም፤ ይህም ሊነገር ይገባዋል።

ጡረታ ከወጡ በኋላ ዕረፍት ይሆናል ብለው ያሰቡት ጊዜ ከሥራው ዘመን የባሰ ሆነ። አሁን ቀኑን ሙሉ ቤት መሆናቸውን ሰው አወቀ። እህታችን ደክሟቸው ነበር። ይህን ለማሳመር ሌላ ቃል መፈለግ አያስፈልግም፤ ደክሟቸው ነበር። ሳህን ላይ ያለ ምግባቸው ይቀዘቅዛል፣ የጀመሩት መጽሐፍ ከአንድ ገጽ አያልፍም፣ መታጠቢያ ቤት ገብተው እንኳ ጆሮአቸው ውጭ ነው። አንድ ቀን የስልኩን እጀታ አንስተው ጎን አስቀመጡት። አመሻሹ ላይ ተወካዩ ገቡና፣ ሰዎች ስልኩ አልሠራም ብለው እንደተጨነቁ ነግረው፣ እጀታውን ቀስ ብለው ወደ ቦታው መለሱት። ታናሽ እህታቸው “እትዬ፣ ሽቦውን ንቀዪና ተገላገዪ” ስትላቸው፣ “ቧንቧው የደረቀበት ሰው የኔ ድካም ምን ያደርግለታል?” አሏት። ከዚያ ስልኩ ጠራ፤ ተነሡ።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ የሆድ ሕመም ጀመራቸውና ሆስፒታል ሄደው ተመረመሩ። ውጤቱ ሲደርስ በስልክ እንደሚነገራቸው ተነግሯቸው ተመለሱ። ከሆስፒታሉ ቢደወልም መስመሩ ተይዟል። በማግስቱም ተደወለ፣ ተይዟል። በዚያ ሰሞን ዋናው የውሃ መስመር ፈንድቶ ግማሹ ከተማ ይደውል ነበር። እህታችንም ውጤቱ ስላልመጣ ደህና ነኝ ማለት ነው ብለው ስለ ውሃው ማስረዳታቸውን ቀጠሉ። በመጨረሻ አንዲት ነርስ አድራሻቸውን ፈልጋ በሩን እስክታንኳኳ ድረስ ሳምንታት አለፉ። ሐኪማቸው፣ እህታችን ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮም ብዙ ለውጥ እንደማይኖር ነግረውናል። ይህን ለማመን እየሞከርን ነው።

በአገር ውስጥ ሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባለፈው ሐሙስ ማለዳ ቤታቸው፣ አልጋቸው ላይ፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት አረፉ። ከባለቤታቸው፣ ከሴት ልጃቸው፣ ከወንድ ልጃቸው፣ ከልጅ ልጆቻቸውና ይህን ከጻፈችው ታናሽ እህታቸው ሌላ፣ ስማቸውን ሳይሆን ድምፃቸውን ብቻ የሚያውቁላቸው ብዙ ሰዎች በሐዘን ቀርተዋል።

አንድ ነገር ይቀራል። ተወካዩ በእህታችን ሕመም መጨረሻ አካባቢ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው፣ ምን ላድርግልሽ ብለው ጠየቋቸው። እህታችን “እርማቱን አውጣልኝ” አሉ። ተወካዩ በዚያው ሌሊት ጽፈው ሲነጋ የእርማቱን ረቂቅ ይዘው መጡ፤ ገጹ ሙሉ ነበር። ስለ ሚስታቸው ትዕግሥት፣ ስለ ደግነታቸው፣ ስለ ውለታቸው ጽፈዋል፤ ያለቀሱበት መሆኑም ከእጅ ጽሑፉ ያስታውቃል። እህታችን ትራስ ተደግፈው ቀዩን እስክሪብቶ እንዲሰጧቸው ጠየቁ። ትዕግሥቱን ሰረዙት። ደግነቱንም፣ ውለታውንም ሰረዙት። ተወካዩ “ይሄን እንኳ ተዪልኝ” ቢሏቸው፣ “እርማት አጭር ነው” አሏቸው። መጨረሻ ላይ “በዚህ ቁጥር እንዳትደውሉ እናሳስባለን” የሚል ነበረ። አነጋገሩ ሰው ያስቀይማል ብለው እሱንም ሰርዘው በላዩ ሌላ ጻፉበት። ተወካዩ የተጻፈውን አነበቡና ወረቀቱን አጥፈው ወደ ማተሚያ ቤቱ ላኩት።

ጽሑፉ በዚህ ወር እትም ይወጣል። ከደዋዮቹ ብዙዎቻችሁ ዛሬ እዚህ ስላላችሁ ግን፣ እህታችን እንዳረሙት እንዲህ ይነበባል፤

እርማት። ከመጀመሪያው እትም ጀምሮ ከገጹ ግርጌ የታተመው የስልክ ቁጥር የገባው በስህተት ነው። ቁጥሩ የመኖሪያ ቤት ነው። ጉዳይ ያላችሁ ወደ ተወካዩ ቢሮ ቅረቡ። ከእንግዲህ በዚህ ቁጥር የሚያነሳ ሰው የለም።

ፈጣሪ የእህታችንን ነፍስ ስልክ በማይጠራበት ቤት ያሳርፍልን።