ስማቸው እንዳሻው፣ ሥራቸው እንደ ሕጉ፦ የአቶ እንዳሻው ወልደሰንበት የሕይወት ታሪክ

አቶ እንዳሻው ወልደሰንበት ከአባታቸው ከአቶ ወልደሰንበት ጎበናና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰገደች ንጋቱ ግንቦት 12 ቀን 1955 ዓ.ም. በሂርና ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የአውራ ጎዳና ሠራተኛ ነበሩ። ክረምት በመጣ ቁጥር ናዳ የዘጋውን መንገድ ሲጠርጉ የሚውሉ፣ ማታ ደግሞ ልጆቻቸውን ሰብስበው ቁጥር የሚያስቆጥሩ አባት ነበሩ። አቶ እንዳሻው አማርኛውንና ኦሮምኛውን እኩል የተማሩት ከሰፈራቸው ልጆች ጋር ነው።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሂርና ጀመሩ። በ1969 ዓ.ም. መጨረሻ የሶማሊያ ጦርነት አካባቢውን ሲያውክ ትምህርታቸው ለአንድ ዓመት ቢቋረጥም ሁለተኛ ደረጃን በአሰበ ተፈሪ፣ በዛሬዋ ጭሮ፣ በ1975 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ከዚያም ሐረር ገብተው በአካባቢ ጤና ሙያ ሠለጠኑ። በ1978 ዓ.ም. መሰላ ተመደቡና ለአሥራ አንድ ዓመታት ምንጭ በማጎልበት፣ መጸዳጃ በማስቆፈርና ልጆች በማስከተብ ሕዝቡን አገለገሉ። በ1981 ዓ.ም. ከወይዘሮ ዓባይ ክፍሌ ጋር በቅዱስ ቁርባን ጋብቻ መሥርተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

በ1989 ዓ.ም. ወደ ጭሮ ተዛውረው በጤና ተቋማት ቁጥጥር ሥራ ላይ ተሰማሩ። ክሊኒኩም መድኃኒት ቤቱም ፈቃዱን የሚያሳየው ለእርሳቸው ነበር። አንድ ጊዜ የባለቤታቸውን ወንድም መድኃኒት ቤት፣ የፈቃዱ ቀን አልፏል ብለው ለአሥራ አንድ ቀን አሸጉት። የዚያን ዓመት ፋሲካ ቤተሰቡ በሁለት ቤት ተከፍሎ ፈሰከ። በከተማው «ስማቸው እንዳሻው፣ ሥራቸው እንደ ሕጉ» ይባል የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ወይዘሮ ዓባይም ይህን ሲሰሙ «እኔስ ያገባሁት ሰው መስሎኝ መመሪያ ነው» እያሉ ይስቁ ነበር።

ከዚህ በታች የሚነገረው አቶ እንዳሻው ራሳቸው ከሕይወታቸው ሁሉ ከባዱ ነው ይሉት የነበረው ነው።

ኮሮና በገባበት ጊዜ ሲስተር ሙስሊማ የተባሉ ነርስ በሂርና ፈቃድ ያለው የቤት ለቤት ሕክምና አገልግሎት ነበራቸው። መንገዱ ሲያስቸግር፣ ያሠለጠኗቸውን ሰባት አስታማሚዎች በየገጠሩ በሰባት ቤት አሰማርተው እርሳቸው በስልክ ይከታተሉ ጀመር። አስታማሚዋ የበሽተኛውን ቁስል በቪዲዮ ታሳያለች፣ ሲስተር ሙስሊማም ካሉበት ሆነው ይመራሉ። በጊዜው ይሠራበት የነበረው መመሪያ ግን ነርሷ በየሳምንቱ በአካል ተገኝታ እንድትፈርም ያዝዝ ነበር። ስለ ስልክ አንድም ቃል አልነበረውም።

በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. አቶ እንዳሻው መዝገቡን ሲመረምሩ የአራት ወር ፊርማ ባዶ ሆኖ አገኙት።

«ጋሼ፣ ስልኩ እኮ ዓይኔ ነው። ሰባቱንም ቤት በየቀኑ አያለሁ» አሉ ሲስተር ሙስሊማ።

«ልክ ትሆኛለሽ። ግን ዛሬ አንቺን ዝም ብል፣ ነገ ምኑንም የማያውቅ ሰው ስልክ ይዞ ነርስ ነኝ ይላል» ብለው የእገዳውን ደብዳቤ ጻፉ። ሰባቱም አስታማሚዎች ሥራ አቆሙ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ አንድ ሽማግሌ ከመሰላ ተነሥተው ጭሮ ቢሯቸው ገቡ። ኦቦ ዓሊዩ ይባላሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሀኒፋ ስትሮክ መቷቸው የአልጋ ቁራኛ ከሆኑ ዓመት አልፏቸዋል። የምታስታምማቸው ኢንሳፍ የተባለች ወጣት ነበረች፤ እርሷም በእገዳው ምክንያት ቀርታለች።

«ኦቦ እንዳሻው» አሉ ሽማግሌው፣ «ልጅቷን ያስቆምካት አንተ ነህ አሉኝ። እኔ ሕግ አልጠላም። ግን ሚስቴን በየሰዓቱ የሚያገላብጥ፣ ከሕጉ ውስጥ ማነው?»

አቶ እንዳሻው ኮታቸውን አንሥተው ከሽማግሌው ጋር በዚያው ቀን ሚኒባስ ተሳፈሩ። መሰላ ሲደርሱ የወይዘሮ ሀኒፋ ጀርባ በመኝታ ብዛት ቆስሎ፣ ቁስሉም ሽታ አምጥቶ ነበር። እጅጌያቸውን ሰብስበው ውኃ አስሞቁ፤ ከአካባቢው ጤና ጣቢያ ነርስ አስጠርተው አብረው አጠቡላቸው። ወይዘሮ ሀኒፋ መናገር ስለማይችሉ በደኅናው እጃቸው የአቶ እንዳሻውን እጅጌ ይዘው አልለቅ አሉ። አቶ እንዳሻውም ያንን እጅ ማስለቀቅ ስላልፈለጉ እስኪመሽ እዚያው ተቀመጡ።

በማግስቱ ሲስተር ሙስሊማ ዘንድ ሄዱ። መመሪያውን መሻር አይችሉም፤ የሚጠይቀውን ማሟላት ግን ይቻላል አሉ። በየቅዳሜው፣ በዕረፍት ቀናቸው፣ ነርሷን ይዘው መሰላ እየወጡ ፊርማው እንዲሟላና ኢንሳፍ ወደ ሥራዋ እንድትመለስ አደረጉ። ለሌሎቹ ስድስት ቤቶች ግን ቅዳሜው አልበቃም። ለወይዘሮ ሀኒፋም ዘግይቶ ነበር። ቁስሉ ውስጥ ውስጡን ሰርስሮ ስለነበር በመጋቢት ወር ዐረፉ።

አቶ እንዳሻው ለቅሶ ደርሰው ምንጣፉ ላይ ከተቀመጡ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው «አስታማሚዋን ያስቀረው ደብዳቤ የእኔ ነው፤ የፈረምሁት እኔ ነኝ» አሉ። አንዱ ጎረምሳ ሊነሣ ሲል ኦቦ ዓሊዩ በእጃቸው መለሱት።

«ዕድሜ የአላህ ነው፤ እርሱን ከአንተ አልጠይቅም» አሉ። «ሕጉን የጻፈው ግን ሰው ነው። ሰው ያስተካክለው።»

አቶ እንዳሻው ከዚያ ቀን በኋላ አልተቀመጡም። ሰባቱንም ቤቶች እየዞሩ አዩ፣ በሽተኞቹንና ቤተሰቦቻቸውን ጠየቁ፣ ያዩትንም ጻፉ። ለበላይ አካል ሁለት ጊዜ ቢልኩም መልስ አልመጣም። ለሦስተኛ ጊዜ ወረቀታቸውን ይዘው በበላይ አካሉ ስብሰባ ላይ ራሳቸው ተገኙ። አንድ ባለሙያ ተነሥተው «ለመሆኑ ቁስል በስልክ ይሸተታል?» ብለው ጠየቁ። አዳራሹ ሳቀ።

አቶ እንዳሻው አልሳቁም። «አይሸተትም» አሉ። «ስለዚህ ነርሷ የመጀመሪያውን ቀን በአካል ትሂድ፣ በየወሩም ትመለስ። በመካከሉ በስልክ ትከታተል፤ ያየችውንና ያዘዘችውን በዕለቱ ትጻፍ። አንዲት ነርስ ከአሥር ቤት በላይ አትያዝ። በሽተኛው ወይም ቤተሰቡ በስልክ መታየቱን ካልፈለገ አይገደድ። ቁስል ከታየ ደግሞ ስልኩ ይዘጋና በእግር ይኬድ። ይህን የምላችሁ ሽታውን ካሸተትሁ በኋላ ነው።»

ሐሳባቸው በመጀመሪያ ለሙከራ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በመመሪያ ደረጃ ተቀባይነት አገኘ። የሲስተር ሙስሊማም አገልግሎት ሙሉ በሙሉ ሥራ ጀመረ። መመሪያው በጸደቀ በሦስተኛው ወር የአንድ ቤት ወርኃዊ ፊርማ ጎድሎ ቢያገኙ ለዚያው አገልግሎት የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ የጻፉት ራሳቸው አቶ እንዳሻው ናቸው። ሲስተር ሙስሊማ ደብዳቤውን ተቀብለው «እርስዎስ መቼም አይለወጡ» ሲሏቸው፣ «እኔማ ተለውጫለሁ፤ ደብዳቤውን በፖስታ መላክ ትቼ በእጄ ያመጣሁት ለዚያ ነው። በይ አሁን አብረን እንሂድና ቤቱን እንየው» አሏቸው። አብረውም ሄዱ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ወር በጡረታ ተሰናበቱ። ከዚያ በኋላ በሰፈራቸው ዕድር ጸሐፊነት አገልግለዋል።

በ2017 ዓ.ም. የልብ ድካም ሕመም ጸንቶባቸው ሕክምናቸውን በሆስፒታልና በቤታቸው ሲከታተሉ ቆዩ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ልጃቸውን መክሊትን ጠርተው «ደግ ነበር፣ ታማኝ ነበር እያላችሁ ወረቀት አትጨርሱ። የወይዘሮ ሀኒፋን ነገር ግን እንዳትዘሉት» ብለው አደራ ሰጥተዋታል። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በዚያ አደራ ነው።

አቶ እንዳሻው ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው፣ ጭሮ በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዓባይ ክፍሌ ሌላ ልጆቻቸው መክሊት፣ ነቢዩና ኤደን እንዲሁም አራት የልጅ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ።

በሕመማቸው ወቅት ላስታመማችሁ፣ ከሂርናና ከመሰላ ድረስ መጥታችሁ ከእኛ ጋር ለቆማችሁ ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ስሕተቱን በሰው ፊት የተናገረውን የማያሳፍር አምላክ፣ የአገልጋዩን የእንዳሻውን ነፍስ ከደጋጎቹ ማኅበር ይደምርልን፤ ቀድመዋቸው ካረፉትም ጋር በሰላም ያገናኛቸው። እኛንም ያጽናን። አሜን።