የመጡት ሰዎች መራጮች አልነበሩም

ብሩክሊን ሴንተር፣ ሚኒሶታ
ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ አክሊሉ፣

ከሁሉ አስቀድመህ ይህን ተረዳ፦ ባለፈው እሁድ ገና ሳይነጋ በርህን ያንኳኩት ሦስት ሰዎች መራጮች አልነበሩም። ስለ ቤት ኪራይም አቤቱታ አልያዙም። የላክኋቸው እኔ ነኝ።

ከሦስቱ አንዱ፣ አቶ ረጋሳ፣ ያደረግኸውን ሁሉ በስልክ ነግሮኛል። ገና ሳይቀመጡ ስለ ወደብ ሠራተኞች ንግግር ጀመርክ። ባለቤቱ ቅድስት ዓይኗን ስትጠርግ ትከሻዋን መታ መታ አድርገህ፣ ፓርቲው እንደማይተዋት አረጋገጥክላት። “ጋሼ ቂርቆስ፣ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ‘ጓድ ረጋሳ፣ ተራ ይጠብቁ’ ይሉኛል” አለኝ። በመጨረሻም የምርጫ ቅስቀሳ ወረቀት አሸክመህ፣ ለጎረቤት እንዲበትኑ አዘህ ሸኘሃቸው። ሳይበትኑትም አልቀሩም፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው።

አክሊሉ፣ አርባ ዓመት ታግሼሃለሁ። የመርከብ ምሕንድስና ተማር ተብለህ ጣሊያን አገር ጄኖቫ ሄደህ፣ ትምህርቱን ጥለህ ከወደብ ጫኞች ጋር አድማ ስትመታ፣ ታላቅ እህታችን እትዬ ባየሽ “የሚያምንበትን ይሥራ” ብላ አፌን አስያዘችኝ። እዚያው የከተማው ምክር ቤት ስትገባ ፎቶህን ሳሎን ሰቀለች። ፓርቲው ፈርሶ ሌሎቹ ስም ሲቀይሩ፣ አንተ ኮሚኒስት ነኝ ብለህ ከጥቂቶቹ ጋር ቀረህ፤ ደጋግመህም ተሸነፍክ። በተሸነፍክ ቁጥር እየደወለች ያጽናናችህ እሷ ናት።

የሰው ፊት አይተህ ማንን እንደሚመርጥ ታውቃለህ ይሉሃል። ታዲያ በማለዳ፣ ነጠላ አዘቅዝቀው፣ ተያይዘው የመጡ ሰዎች ምን ይዘው እንደመጡ እንዴት ይጠፋሃል? እኛ ሰፈር ይህን ሕፃን ያውቀዋል።

ጎረቤቴ ነገሪ “ጋሼ፣ ዝም ብለው ቴክስት ያድርጉለትና ይገላገሉ” ይለኛል። አላደርገውም። እንዲህ ያለ ነገር ሰው ብቻውን ቆሞ በስልክ አይሰማም። ባለፈው ሳምንት “እትዬን አገናኘኝ” ስትለኝ ስለ አየሩ ጠባይ ቀባጠርኩ። አንተም ሳትጠረጥር ስለ ምርጫው ቀጠልክ።

እነ ረጋሳ እሁድ ግንቦት 10 በማለዳ ይመለሳሉ። የዚያን ቀን ስብሰባ አትጥራ። ባለቤትህ ከጎንህ ትሁን። ተቀመጥ፣ አትናገር፣ እስኪጨርሱ ስማቸው።

እግዚአብሔር ያበርታህ፤ ምርጫውንም ያቅናልህ።

እንደሰማህ ሳትውል ሳታድር ደውልልኝ። ቀንም ይሁን ሌሊት አነሣዋለሁ፤ አሁን ቤት ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ወንድምህ ቂርቆስ